ማንም ያልበላው የአንድነት ሰንጋ

ቦሌ ሚካኤል፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1987

የሺዬ፣ እየሳቅኩ ስለምጽፍ ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር በይኝ!

ሐሙስ ዕለት እኔ ባረፍኩበት በአጎቴ በዓብዱ ሰፈር ቀበሌው የአንድነት በዓል አዘጋጅቶ ነበር። ወጣቱ ሊቀመንበር ንግግሩን ሲጨርስ "አሁን ሁላችንም ከአንድ በሬ እንበላለን!" አለና ቀንዱ ላይ ባንዲራ የታሰረለት ሰንጋ አስመጣ። ቢላውን ለጎረቤታችን ለአቶ በላቸው ቢሰጣቸው "ልጄ፣ ጾመ ነቢያት እኮ ገብቷል" ብለው መለሱለት። ለአጎቴ ሰጠው። አጎቴም ቢላውን መለሰለትና "ጎረቤቶቼ ጾመው እያዩኝ ይሄ ሥጋ በጉሮሮዬ አይወርድልኝም" አለ። የቀረው ጴንጤው በዳሳ ነው። "እኔ እንኳ ሁሉንም እበላለሁ፤ ግን ሙሉ በሬ ብቻዬን?" ሲል ሰፈርተኛው በሳቅ አውካካ!

እኛ ኮምቦልቻ ቢሆን እናትሽና እናቴ ገና በሬው ሳይገዛ ቀኑንም አራጁንም ተማክረው ይጨርሱት ነበር። እዚህ ግን ሴቶቹ ወደየቤታቸው ሮጡና የሁሉም ቤት ሽሮና ምስር አንድ ትሪ ላይ ተገናኘ። ሊቀመንበሩም አፍሮ አፍሮ በመጨረሻ እጁን ሰደደ። እንደዚያ ቀን ስቄ በልቼ አላውቅም!

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። የእናትሽን የእትዬ ዘነቡን ጉልበት ሳሚልኝ፣ እህቶቼን እነ ሳጂዳን ደግሞ ጉንጫቸውን። በሬውማ ቀበሌው ግቢ ታስሮ ሰፈሩ በተራ ይቀልበዋል። ትናንት ተራው የአቶ በላቸው ቤት ነበር፣ ዛሬ የኛ ነው፤ ሳር ላመጣለት ሄድኩ!

ፈዲላ