የወይዘሮ ሐቢባ ሽኩር ኅልፈትና የቀሩን ሠላሳ አንድ ዓረፍተ ነገሮች

የሞላሌ አካባቢ የባናና የበርኖስ ሠሪዎች ማኅበር የሽያጭ ክፍል ኃላፊና የኢንተርኔት ሱቃችን ተርጓሚ የነበሩት ወይዘሮ ሐቢባ ሽኩር ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ጧት በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸውም በዚያው ዕለት ቤተሰቦቻቸው፣ ወዳጆቻቸውና ከደጋ የወረድን የማኅበሩ አባላት በተገኘንበት በሸዋ ሮቢት ተፈጽሟል። ማኅበሩ የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ለአባላቱ፣ ለደንበኞቹና ለአካባቢው ሕዝብ ይገልጻል።

ወይዘሮ ሐቢባ ተወልደው ያደጉት በሸዋ ሮቢት ነው። ዐረብኛን ከመድረሳ፣ ኦሮምኛንና አፋርኛን ከገበያ ተምረዋል። ሃያ ዓመት ያህል ከሞላሌ ገበያ ባና፣ ማለትም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ እየገዙ ወደ ቆላ ሲያወርዱ ኖረው በ2012 ዓ.ም. ማኅበራችንን ተቀላቀሉ። በገዢነት ዘመናቸው በዋጋ ያላስጨነቁት ሸማኔ ስላልነበረ፣ ከእኛ ወገን እንዲሆኑ የተወሰነው በሙሉ ድምፅ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. አንድ የሶፍትዌር ድርጅት የኢንተርኔት ሱቃችንን ሠርቶ ሲያስረክብ፣ ገዢው የባናውን መጠን፣ ቀለምና ጠርዝ በስልኩ ራሱ የሚመርጥበት ገጽ በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር። ወይዘሮ ሐቢባ ወደ አማርኛ መለሱት። ድርጅቱ ካቀረባቸው ሃያ አራት ቀለሞች በጎቻችን የሚለብሱትን ነጭ፣ ጥቁር፣ ቡላና ዳለቻ ብቻ አስቀሩ። ጠጉር የማንነክር መሆናችንን ገልጸውም፣ ወይን ጠጅ በግ ካለ አስቀድሞ እንዲላክልን ለድርጅቱ በትሕትና ጻፉ።

እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ወደ ገበያ ይዘው እየሄዱ፣ ቋንቋው አፍ መፍቻው ለሆነ ሰው ያነቡለት ነበር። ሰሚው “ምን አልሽ?” ካለ ይሰርዙና እንደገና ይጽፋሉ። መብራትና ኔትወርክ በጠፋባቸው ወራትም ሥራው በደብተር ቀጥሏል።

በ2015 ዓ.ም. ዐረብኛው ተጠናቀቀ። በዚያው ዓመት ከባሕር ማዶ የአምስት ክንድ ባና ጥያቄ መጥቶ ለአቶ አንዷለም ተሰጠ። አቶ አንዷለም የማኅበሩ ምርጥ ሸማኔ ናቸው፤ ቁመታቸውም በገበያው የታወቀ ነው። እንደ አባቶቻችን ልማድ በራሳቸው ክንድ ለክተው ሠሩ። ገዢው ግን በራሱ ክንድ ገምቶ ስለነበር ባናው ስንዝር ተኩል አጥሮ ደረሰው፤ እግሩ ውጭ እንደሚያድርም ጻፈልን። (ይህ የሰፈረው በአቶ አንዷለም ፈቃድ ነው።) በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ጣት ሁሉ ወደ ሸማኔው ሲቀሰር ወይዘሮ ሐቢባ ተነስተው፣ “ጥፋቱ የእኔ ነው። ክንድ ብዬ ስተረጉም የማን ክንድ እንደሆነ አልጻፍኩም” አሉ።

የማን ክንድ መለኪያ ይሁን የሚለው ክርክር ግማሽ ቀን ፈጀ። ረጅሙ የኮሚቴ አባላችን አቶ አባይነህ ክንዳቸውን ቢያቀርቡም፣ ያን ሁሉ ጠጉር ማን ይፈትላል ብለው ፈታዮቹ ስላልተስማሙ ቀረ። በመጨረሻ ሸማኔም ፈታይም ስላልሆኑ ለማንም አያደሉም ተብሎ የወይዘሮ ሐቢባ ክንድ ተለካ፤ አርባ አራት ሳንቲ ሜትር። በዚሁ ልክ የተቆረጠ በትር ለሸማኔው ሁሉ ታደለ፤ ቁጥሩም ገጹ ላይ ሰፈረ። ከዚያ ወዲህ አጠረ የሚል ደብዳቤ አልደረሰንም።

በ2016 ዓ.ም. ኦሮምኛው ተጨመረ። በ2017 ዓ.ም. አፋርኛውን ሲጀምሩ አቶ አባይነህ ቆላ ለሚያድር ሰው ባና ምን ይሠራለታል ብለው ጠይቀው ነበር። ወይዘሮ ሐቢባም ልጆቻቸውን ለትምህርት ደብረ ብርሃን የላኩ እናቶች በሸዋ ሮቢት ገበያ ብርድ ልብስ ሲፈልጉ በየሳምንቱ እንደሚያዩ ገልጸው፣ አቶ አባይነህም ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ሐምሌ ቢያድሩ ጥያቄው እንደሚቀርላቸው አስረዱ። ገጹ ካሉት ዘጠና አራት ዓረፍተ ነገሮች ስልሳ ሦስቱን እንደጨረሱ ሕመሙ ጠናባቸው።

የሚከተለውን አንሸሽግም። ባለፈው መስከረም ኮሚቴያችን ቋንቋ በበዛ ቁጥር ስህተት ይበዛል በማለት፣ ገጹ ከአማርኛና ከእንግሊዝኛ በቀር በሌላው እንዲዘጋ በአቶ አባይነህ የቀረበለትን ሐሳብ ይዞ ነበር። ወሬው ከተኙበት ደረሳቸው። በልጃቸው በወይዘሮ ራውዳ በኩል የላኩብን ቃል በቃለ ጉባኤያችን እንዲህ ሰፍሯል፦ “የበረደው ልጅ የእናቱ ነው፤ እናቱ በምታውቀው ቋንቋ ትምረጥለት። የጀመርኩትን አትዝጉብኝ።”

ኮሚቴው ከቀብር መልስ ተሰብስቦ ወስኗል። አንድም ቋንቋ አይዘጋም። የቀሩትን ሠላሳ አንድ ዓረፍተ ነገሮች ወይዘሮ ራውዳ በእናታቸው ደብተር ላይ ቀጥለው ይጽፋሉ፤ እያንዳንዱም እንደ ቀድሞው በገበያ ይፈተናል፤ የአፋርኛው ገጽ የካቲት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ይከፈታል። የመዝጋት ሐሳባቸውን የተዉት አቶ አባይነህ በየገበያው ቀን ወደ ሸዋ ሮቢት ወርደው ናሙና ባናዎቹን ለመሸከም ራሳቸው ጠይቀው ተመድበዋል። አፋርኛ አንድ ቃል አያውቁም፤ ትከሻቸው ግን ሰፊ ነው። በትሮቹም አይለወጡም፤ የተሰበረበት ሸማኔ በዚያው ልክ ያስቆርጣል።

ለባለቤታቸው ለአቶ ሙስሊም፣ ለወይዘሮ ራውዳ፣ ለመላ ቤተሰባቸውና በየገበያው ዓረፍተ ነገር ላረሙላቸው ወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ከአባሎቻችን ግማሹ አላህ ይዘንላቸው፣ ግማሹ ነፍስ ይማር ብለናል፤ አሜኑ የጋራ ነው።

አቶ አንዷለም ለቤተሰቡ የሚሰጠውን ዳለቻ ባና ድሩን ዘርግተው ሥራ ጀምረዋል። ልኩ አምስት ክንድ ነው፤ በወይዘሮ ሐቢባ ክንድ። አያጥርም።

የማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ
ሞላሌ፣ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.