ሠላሳ አንድ ጊዜ የሞተችው ሴት

ውድ እማዬ፣

ዛሬ ጠዋት ፎቶሽን ከግድግዳው ላይ አወረድኩት። ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። ይህን የምጽፍልሽ ከሱቄ ሆኜ፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ነው፤ እስከ ምሳ ድረስ የሚመጣ ደንበኛ የለኝም። ፎቶውን ለምን እንዳወረድኩት ልነግርሽ ይገባል።

በሕይወትሽ አንድም ጊዜ ፎቶግራፍ አልተነሣሽም። ስትሞቺ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አክስቴ ወሰደችኝና መርፌ አስያዘችኝ፤ ትምህርቴም በዚያው ቀረ። የቀረውን የተማርኩት ከእነዚያ የኪስ መጻሕፍት ነው። ታውቂያቸዋለሽ፤ በርካሽ ወረቀት የሚታተሙት፣ ሽፋናቸው ላይ ሁልጊዜ አንዲት ሴት የምትጮኽባቸው የወንጀል ልብ ወለዶች። የሽፋኖቹን ሥዕል የሚሥለውን ሰውዬ ክፍል የምትጠርጊው አንቺ ነበርሽ። ጠርገሽ ስትጨርሺም ፊቱ ትቆሚለትና አንቺን እያየ ይሥል ነበር።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያገኘሁት በሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ «አቧራው» ከሚለው አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ። አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ ከእጇ ሊወድቅ የደረሰ የስልክ እጀታ፣ ጥግ ላይ የሠዓሊው ምልክት የሆነችው ትንሽ ጥቁር ወፍ። ያኔ ፊትሽ ከትዝታዬ እየደበዘዘ ነበር። አክስቴም አርፋለች፣ የሚያርመኝ ሰው አልነበረም። መጽሐፉን ደረቴ ላይ ለጥፌ «እማዬ» አልኩ። አቧራው ደንግጦ ወንበር ሰጠኝ።

ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ስሰበስብሽ ኖርኩ። ወፊቱ ያለችበት ሽፋን ሲገኝ አቧራው ከመንገድ ማዶ ይጠራኛል፦

«እትዬ! ነይማ፣ ዛሬ ደግሞ በመርዝ ሞታልሻለች!»

«አፈሩን ገለባ ያድርግላት። በል ጠቅልልልኝ።»

ሠላሳ አንድ ሆኑ። ሠላሳ አንድ ጊዜ ታንቀሻል፣ ከባቡር ተወርውረሻል፣ ከመብራት ምሰሶ ሥር በጥይት ተመተሻል። አንዳንዶቹ መጨረሻቸው የተገነጠለ ነው፤ ገዳይሽ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ የማላውቅባቸው ሰባት አሉ። ግን ሥዕሎቹን እወዳቸው ነበር። ሰማዩ እንደ በሰለ ብርቱካን ነው፣ ጥላው ሐምራዊ ነው። ሰውዬው ስለ ልብስ ግን ምንም አያውቅም! ቀሚሶቹ ዚፕም ቁልፍም የላቸውም። ሴትዮዋ በየት በኩል ገባች እያልኩ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ከሁሉ ያማረውን ሽፋን ፎቶ ቤት ወስጄ ፊቱን ብቻ አስተለቅሁት።

«ተዋናይ ነበሩ እንዴ?» አለኝ ፎቶ አንሺው።

«አዎ፣ ዝነኛ» አልኩት። ውሸት ነው፤ ግን ደስ አለኝ። ልጄ «አያቴ ስታምር» እያለች ያደገችው ያንን ፊት እያየች ነው።

እማዬ፣ ይህን ሁሉ ያደረግሁት ስለ ናፍቆት ብቻ አልነበረም። ያን ቀን ረስተሽው እንደማታውቂ አውቃለሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ማተሚያ ቤት የሚሠራ ሰው ልጅ የሆነች አንዲት የክፍሌ ልጅ መጽሐፍ ይዛ መጣች። ሽፋኑ ላይ ትከሻዋ የተገለጠ ሴት አለች። «ይቺ የሷ እናት ናት! አባቴ ነግሮኛል፣ ሠዓሊው ፊት የምትቆመው እሷ ናት!» አለች። ሥዕሉን አየሁት፤ ቅንድብሽን አየሁ፣ አፍሽን አየሁ። ልጅ የነገሩትን ነው የሚያየው። ሳቃቸው ገና ሳይበርድ አንቺ የረሳሁትን ምሳ ዕቃ ይዘሽ በሩ ላይ ደረስሽ።

«ማናት?» አለች አስተማሪዋ።

«ሠራተኛችን ናት» አልኩ።

ሰማሽኝ። አየሽኝ። ከዚያ ለአስተማሪዋ ጎንበስ ብለሽ «እመቤቴ ናቸው የላኩኝ፣ ልጅቷ ምሳዋን ረስታ» አልሽ። ምሳ ዕቃውን በሁለት እጅሽ ሰጠሽኝና ሄድሽ። ማታ ቤት ስገባ ጸጉሬን እንደ ወትሮው አበጠርሽልኝ። አንድም ቃል አልተናገርሽም። እኔም አልተናገርኩም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ እስክትሞቺ ድረስ።

ባለፈው ሳምንት አቧራው «ባለወፉ ሰውዬ እኮ በሕይወት አለ! ከፋርማሲው በላይ ነው ከልጁ ጋር የሚኖረው» አለኝ። ሦስት መጻሕፍት በቦርሳ ይዤ ሄድኩ። ዓይኑ ደክሟል፣ በአጉሊ መነጽር ነው የሚያየው። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ፊቱ በራ።

«የጠራጊዋ ልጅ! አንቺ? ይሄን ያህል አረጀሁ በለኛ!»

«አባባ፣ ፊቷን ሲሥሉ ምን ትመስል ነበር? ትስቅ ነበር?»

«የማንን ፊት?»

መጽሐፉን ሰጠሁት። መነጽሩን አስጠግቶ አየና ሳቀ። «ይቺማ የሳሙና ማስታወቂያ ናት! ከመጽሔት ቆርጬ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌያት ነበር። አንዷን ፊት ለሁሉም። አሳታሚው እንኳ አልነቃብኝም።»

የቀሩትን ሁለት መጻሕፍት ከቦርሳዬ አወጣሁ። እሱ ግን ቀጠለ። «እናትሽ ገና በመጀመሪያው ቀን ፊቴን እንዳትሥል አለችኝ። ልጅ አለችኝ፣ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ነገ ይስቁባታል አለች። እጆቹ ግን የሷ ናቸው። እዪ እንጂ! ይህን የተጣመመ ትንሽ ጣት አቃንቼ ልሥለው ስንቴ ሞከርኩ፤ የገዛ እጄ እምቢ አለኝ። በኋላ አንድ ቀን ጠርጋ ጨረሰችና ከእንግዲህ አልቆምም አለችኝ። ምነው ስላት፣ ለካ ሰው ያለ ፊትም ይታወቃል አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

እኔ ገባኝ፣ እማዬ።

ቤቴ ገብቼ ሠላሳ አንዱንም ወለሉ ላይ ዘረጋሁ። ፊቶቹን አንድ በአንድ ልብስ በምቀድበት የቅድ ወረቀት ሸፈንኩ። በር ተዘግቶበት ተጣምሞ የቀረው ጣትሽ በሁሉም ላይ ነበር። ጉሮሮ ላይ፣ የባቡር መስኮት ላይ፣ ስልኩ ላይ። ሃያ ስድስት ዓመት ዓይኔ ሥር ሆነሽ እኔ ሳሙና አይ ነበር። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ እውነተኛ ፊትሽን ልጠራ ሞከርኩ። የምትመጣው ያቺው ሴት ናት። ዛሬም እሷው ናት። ፊትሽን አጣሁት፤ ያጠፋሁትም ስፈልገው ነው። አንዴ አንቺን እናቴ አይደለችም አልኩ፣ ከዚያ አንቺ ያልሆነችውን ዕድሜዬን ሙሉ እናቴ ናት አልኩ።

ጠዋት ልጄ መጥታ ባዶውን ግድግዳ አየች። «አያቴስ?» አለችኝ። አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰችውን ሴት አምጥቼ፣ ፊቷን በመዳፌ ሸፍኜ፣ «ይኸውልሽ፣ አያትሽ ከዚህ ወደ ታች ናት» አልኳት። ጣትሽን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «ምን ታደርግ ነበር በዚህ እጇ?» አለችኝ።

ስለ ምሳ ዕቃው ነገርኳት። በሩ ላይ ምን እንዳልኩሽም ነገርኳት፤ ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ልጄ አላጽናናችኝም። ተነሥታ መጽሐፉን ምስማሩ ሥር ካለው መደርደሪያ ላይ፣ ፊቱን በቅድ ወረቀት ሸፍና አቆመችው።

ደንበኛዬ መጣች፣ ልነሣ ነው። አርባ አንድ ዓመት የዘገየ መልስ ነው፣ ግን ተቀበይኝ። አስተማሪዋ «ማናት?» ብላ ጠይቃኝ ነበር።

እናቴ ናት።

ምሳዋን የረሳችው ልጅሽ