ከደሃና እስከ ነጭ ድንጋይ መገንጠያ፦ የአቶ ይግዛው ደግሰው የሕይወት ታሪክ

አቶ ይግዛው ደግሰው ከአባታቸው ከአቶ ደግሰው ምንይሉና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደብሬ ገበያው ጥር 12 ቀን 1942 ዓ.ም. በደሃና ወረዳ፣ ከአምደወርቅ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር ተወለዱ። በደብር ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደግመዋል።

በ1966 ዓ.ም. ድርቁ አገሩን ሲያራቁተው ሥራ ፍለጋ በእግራቸው ወልድያ ገቡ። እዚያም የሰቆጣው ነጋዴ አቶ ከሪም በጭነት መኪናቸው አሳፍረው እስከ አዋሽ አደረሷቸው። አቶ ይግዛው የእኚህን ሰው ስም ሳያነሡና ሳይመርቁ የዋሉበት ቀን ጥቂት ነው።

በምሥራቁ የባቡር መስመር በቀን ሠራተኛነት ተቀጥረው፣ ሠራተኛው «ነጭ ድንጋይ» በሚላት መገንጠያ ጣቢያ ተመደቡ። ሀዲዱ እዚህ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ከተማ ያልፋል፣ ሌላው የኖራ ድንጋይ ወደሚወጣበት ተራራና ወደ ሲሚንቶ ፋብሪካው ይወጣል። ሲደርሱ የነበረው አንድ ቆርቆሮ ቤት ብቻ ነው። ፋብሪካው ሲሰፋ ጉሊቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ተከታትለው ተሠሩ። እርሳቸውም በ1970 ዓ.ም. ባቡሩን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያሳልፉ ሀዲድ ቀያሪ ሆኑ።

ኅዳር 3 ቀን 1973 ዓ.ም. ጠዋት፣ የመንገደኛ ባቡር ጣቢያው ላይ ቆሞ ሳለ፣ ድንጋይ የጫኑ ሰባት ፉርጎዎች ከተራራው ተላቀው ቁልቁል መጡ። ቀድመው ያዩት በጣቢያው ሻይ ይሸጡ የነበሩት ወጣቷ ሰርካለም ምስክር ነበሩ፤ እየጮሁ ሮጠው ነገሯቸው። አቶ ይግዛው በኖራ ብናኝ የደረቀውን መቀየሪያ ብረት በሙሉ ሰውነታቸው ተጭነው ፉርጎዎቹን መጨረሻው ወደ ተዘጋ የጎን ሀዲድ መለሷቸው። ፉርጎዎቹ እዚያ ተገለባበጡ፤ ከመንገደኛው አንድም ሰው አልተጎዳም። ብረቱ ተመልሶ ሲመታቸው ግን ቀኝ ክንዳቸው ተሰበረ፤ ዳግም አልታዘዘላቸውም።

ሐኪም ቤት ሊጠይቋቸው የመጡትን የጣቢያ ኃላፊ፣ አቶ አሥራተ ማርያምን፣ «ከእንግዲህ ለምን እሆናለሁ?» ቢሏቸው፣ «ግራ እጅህ ደኅና ነው፤ መጻፍ ተለማመድበት» አሏቸው። ተለማመዱም። ባቡሩ በ2000 ዓ.ም. እስኪቆም ድረስ የባቡሮችን መግቢያና መውጫ በግራ እጃቸው ሲመዘግቡ ኖሩ።

በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰርካለም ጋር ተጋብተው አራት ልጆች ወልደዋል። ልጆቹ ከአባታቸው አገር ከዋግ ርቀው ቢያድጉም የአገሩን ቋንቋ ኽምጥኛን ሳይናገሩ እንዲያድጉ አቶ ይግዛው አልፈቀዱም። ባቡሩ ከቆመ በኋላ ብዙው ሰው ጣቢያውን ለቆ ሲሄድ፣ እርሳቸው ጡረታ እስከ ወጡበት እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ ጠበቁት። ከዚያም ወደ ዋግ ተመልሰው በሰቆጣ ኖሩ። ስለ ክንዳቸው የሚያዝንላቸው ሰው ሲገጥማቸው፣ «እዚያ ቦታ በልቻለሁ፣ አግብቻለሁ፣ ልጅ አሳድጌአለሁ፤ ቅሬታ የለኝም» ይሉ ነበር።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ75 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው፣ አራት ልጆቻቸውና ዘጠኝ የልጅ ልጆቻቸው አሉ።

ከማረፋቸው በፊት ልጆቻቸውን ጠርተው፣ ያስታመሟቸውን ሰዎች በስም እየጠሩ እንዲያመሰግኑላቸው አደራ ብለዋል። ስለዚህ ሦስት ወር ሙሉ ሾርባ ይዘው የተመላለሱትን ጎረቤታቸውን ወይዘሮ ሀዲያን፣ መርፌውን ቤት ድረስ እየመጣ የወጋቸውን ነርስ ሸጋውን፣ አልጋ የተሸከሙትን የዕድሩን ሰዎች ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የእርሳቸውንም ነፍስ ቸሩ አምላክ በደጋጎች ማረፊያ ይቀበልልን።