ወንበር ለተከለከለ እግር

ይድረስ ለተከበሩ ርዕሰ መምህራችን፤
በሚሽከረከረው ወንበርዎ ላይ ባሉበት፤

ጤናዎ እንደ ማስታወቂያዎችዎ የበዛ፣ ወገብዎም እንደተመቸው የሚኖር እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ የማስተምርና ከቀኝ እግሬ አውራ ጣት ሥር ወደ ጎን ባበጠው አጥንት ምክንያት ተማሪዎቼ በሌለሁበት «ቲቸር ጉብታ» የሚሉኝ መምህርት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት፣ በግል የጻፍኩልዎ ሦስት ማመልከቻዎች ከጠረጴዛዎ ተነሥተው መመለስ ስላቃታቸው ነው። ምናልባት እነሱም እግራቸውን አሟቸው ይሆናል።

ጉዳዬ አጭር ነው። ሐኪሙ አጥንቱን ቆርጦ በብሎን እንደሚያቃናልኝ፣ ነገር ግን ስድስት ሳምንት እግሬን መሬት እንዳላስነካ፣ ከዚያም በኋላ ለወራት ቁጭ እያልኩ ካልሠራሁ በከንቱ እንደተቆረጥኩ አስረድቶኛል። ብተወውስ ስለው፣ በዚህ አያያዜ በሁለት ዓመት ውስጥ ደረጃ መውጣት እንደማልችል ነገረኝ። እናቴ በደህና አጥንትሽ ላይ ቢላ አታስነኪ ትላለች፤ ባለቤቴ ደግሞ ጫማዬን ሳወልቅ የማሰማው ጩኸት ስለመረረው ተቆረጪና ይለይልሽ ይላል። ልቆረጥ ወይስ ልቅር የሚለው ጭንቀቴ ሁሉ እንግዲህ በአንዲት ወንበር ላይ የቆመ ነው፤ ምስጋናዬንም በተራ አቀርባለሁ።

፩. ወንበሮቻችንን ከየክፍሉ አስወጥተው ዕቃ ቤት ስለቆለፉባቸው አመሰግናለሁ። «ቆሞ የሚያስተምር አያንቀላፋም» የሚለው ማስታወቂያዎ በየበሩ ላይ አለ፤ የዕቃ ቤቱም ቁልፍ ከወገብዎ ሲንቃጨል ከኮሪደሩ ማዶ ስለሚሰማ፣ በመስኮት ብቅ ሲሉ ሁላችንም ቀጥ ብለን ነው የምንጠብቅዎ። በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ እቆማለሁ። ከአራተኛው በኋላ ስለ ሦስት ማዕዘን እያስረዳሁ በልቤ የማስበው የትኛው ተማሪ ታሞ ቀርቶ መቀመጫው ባዶ እንደሆነ ነው።

፪. ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን ተቀምጣ አልተገኘችም ብለው በስብሰባ ፊት ለሸለሙኝ ጫማ ምን ብዬ ላመስግንዎ! አፉ ሹል፣ ላዩ የሚያብለጨልጭ፣ ከእግሬ በሁለት ቁጥር ያነሰ ነበር። እዚያው እንዳደርገው ሲያዝዙኝ አደረግኩት። በቢሮዎ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የሽልማቱ ፎቶ የምስቅ መስዬ ከታየሁዎ፣ ጥርሴን ነክሼ እንደነበር ይወቁልኝ።

፫. ለወንበር ጥያቄዬ ኮሚቴ ስላቋቋሙልኝ ክብር ተሰማኝ። አምስት ሰዎች ተቀምጠው ሁለት ሰዓት መከሩ፤ እኔ ሕመሜን ቆሜ አስረዳሁ። ለአንዷ ከተፈቀደ ነገ ሁሉም እግሬን ይላል ብለው ሲወስኑ፣ የቋንቋ መምህሩ ወዳጄም ወለሉን እያየ እጁን አወጣ። የራሱን ጉልበት በየቀኑ እንደሚያሽ ያላወቅኩ መሰለው፣ ፈሪ!

፬. እስከ ረጅሙ ዕረፍት ታገሺ ስላሉኝም እግዜር ይስጥልኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታግሻለሁ እኮ።

እንግዲህ ቁርጤን ላሳውቅዎ። ማክሰኞ ቀዶ ሕክምናውን አደርጋለሁ፤ የሐኪሙም ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ሥር ተለጥፏል። ፈራሁ ወይ? አዎ፣ ፈርቻለሁ። ስመለስ ግን የማድቤቴን በርጩማ በብብቴ ይዤ ክፍል እገባለሁ። ሊነጥቁኝ ከፈለጉ በተማሪዎቼ ፊት፣ በገዛ እጅዎ ይንጠቁኝ። ከሥራ ካባረሩኝም ቤቴ ወንበር ሞልቷል።

ቆሜ የጻፍኩልዎ፣ ቆሜም የለጠፍኩልዎ፣
በቀረኝ አንድ እግር ከልብ የማከብርዎ፣
ተሸላሚዋ የሒሳብ መምህርትዎ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሐሙስ በሐኪሙ የተራ መጠበቂያ ክፍል፣ ግራ ጫማዎን በእጅዎ አንጠልጥለው ግድግዳ ተደግፈው በአንድ እግር የቆሙት እርስዎ መሆንዎን ያወቅኩት በቁልፍዎ ድምፅ ነው። ጉብታዎ ከእኔ ይበልጣል፤ እንኳን ደስ ያለዎ። የቀረችውን አንዲት ወንበር የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አንድ ሰዓት ከሩብ ቆመው ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ልነሣልዎ አስቤ ነበር፤ ኋላ ግን እንዳያንቀላፉ ብዬ ተውኩት።