ለተኳሿ የተላከው መልእክት

ውድ አባባ፣

ይህን ደብዳቤ ለመጀመር የቸገረኝ መጠሪያው ነው። ልጅዎና እኔ ከተለያየን ወዲህ «አማቴ» ብዬ ለመጻፍ መብቱም የለኝም። «ጋሼ» ስል ደግሞ ደረጃ ላይ አግኝቼ ሰላም የምልዎ ጎረቤት መሰሉብኝ። ሁለቱንም ሰርዤ የለመደውን አፌን ተከተልኩ። ቅር ካለዎት ይንገሩኝ፤ ዝም ብለው ግን አይለፉት። ዝምታስ ሰሞኑን ጠግቤያለሁ።

መልእክትዎ ደርሶኛል። መነጽር ቤት በመጡበት ቀን እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሌንስ እየሞረድኩ ነበር። ማሽኑ ሲዞር ሰው ስሜን ቢጠራ እንኳ አልሰማም። እጄን ጠራርጌ ስወጣ ገንዘብ ተቀባይዋ፣ «አንድ አባት መጥተው የመነጽራቸውን ብሎን አስጠብቀው ሄዱ። እሱን ልጥራልዎ ብላቸው፣ ተዪው፣ ሌንስ የያዘ ሰው አይጠራም አሉኝ» አለችኝ።

«ሌላስ ምን አሉ?»

«ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ወደ ሌላ ከተማ መሄዳቸው ነው፤ ዕቃቸውም ተጭኗል። ላንተ መልእክት ትተዋል። እኔ ግን ምኑም አልገባኝም፤ ስለ አንዲት ተኳሽ ነው» ብላ ወንጀል እንደሠራ ሰው አየችኝ።

በር ላይ ወጥቼ መንገዱን ግራና ቀኝ አየሁ። አልነበሩም። መልእክቱን ደጋግማ እንድትነግረኝ አደረግኩ፤ ቤት ከገባሁም በኋላ ስመላለስበት ቆየሁ። መልሱን ለመጻፍ ግን ከመጀመሪያው መነሳት አለብኝ። ይታገሱኝ።

የመጀመሪያዋን እሁድ ያስታውሷታል? ነርሷ ልጅዎ ተረኛ ነበረች። ሊጠይቁን መጥተው እሷን አጡ፣ እኔን አገኙ። ሻይ አፈላሁ፣ ጠጣን። ስለ አየሩ አወራን፤ አየሩም አለቀብን። ከዚያ ሁለታችንም ሐኪም ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ግድግዳውን ስናይ ቆየን። እኔ አባት ሳላውቅ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ከአባት ጋር ምን እንደሚወራ ማን አሳይቶኝ። በመጨረሻ በአገጭዎ ወደ ኮምፒውተሩ እያመለከቱ፣ «ይኼ ነገር ከሥራ ሌላ ምን ያውቃል?» አሉኝ። አፍሬ ነው የከፈትኩት። ትልቅ ሰው ፊት ጌም መክፈት ነውር መስሎኝ ነበር።

ታሪክ ያለው ጌም ነው አልኩዎ። ዘመኑ ከእኛ በጣም የራቀ ነው። የሰዎቹ ፀሐይ እየከሰመች ነው፤ አንዲት መርከብም ሕዝቡ የሚሰፍርበትን ምድር ፍለጋ በከዋክብት መሀል ትዞራለች። ተጫዋቹ ካፒቴኑን ይሆናል። ማንን እንደሚዋጋ፣ ማንን እንደሚምር፣ ለማን ምን ብሎ እንደሚመልስ ይመርጣል፤ ታሪኩም በምርጫው ይሄዳል። በጥሞና ከሰሙኝ በኋላ፣ «እንግዲያው ካፒቴኑ እኔ ነኝ። አንተ ንዳ፣ አንተ ተዋጋ፣ የሚሉትንም ንገረኝ» አሉ። ንግግሩ ሁሉ እርስዎ በማያነቡት ባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ነበርና አስተርጓሚ ሆኜ ተሾምኩ።

ዕድሜዎን ሙሉ ሊፍት ሲጠግኑ ስለኖሩ መጀመሪያ ዓይንዎ የገባው የመርከቡ ሊፍት ነው። በሩ በቅጡ ሳይገጥም ይነሳል፤ አንድ ፎቅ ለመውጣትም ይንቀራፈፋል። «ሰማይ ሰንጥቀው የሚሄዱ ሰዎች ሊፍት መሥራት ይቸግራቸው? አለቃቸውን ጥራልኝ» አሉኝ። አለቃቸው እርስዎ ነዎት ብልዎ መነጽርዎን ገፋ አድርገው ሊፍቱን እንደገና አዩት። ጠላት መሣሪያ ደግኖ መልስ ሲጠብቅም «ቆይ፣ ላስብበት» ይሉ ነበር፤ እርስዎ ሲያስቡ እሱ ይተኩሳል፣ እኔ ደግሞ ከሞትንበት አስነስቼ እንደገና እጀምራለሁ።

ለመርከቡ ሰዎች ስም አወጡላቸው። ሐኪሙን «ቆፍጣናው» አሉት። አሮጌውን ሮቦት በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣል ብለው «ጋሽ ብረቱ» አሉትና እኔም «አንቱ» እያልኩ እንዳናግረው አዘዙኝ። ተኳሿ ግን ስም አልወጣላትም። ፊቷን አኮሳትራ ጥግ ላይ መሣሪያዋን የምትወለውል፣ ከሁሉም በዕድሜ የምታንስ ነበረችና «ልጄ» ብቻ አሏት።

ሕግዎ አንድ ነበር። ከመርከቡ ወርደን ወደ የትም ከመሄዳችን በፊት ሁሉንም በየክፍላቸው ዞረን ሰላም ማለት አለብን። «አብሮህ ሊሞት የሚወጣን ሰው እንዴት ዋልክ ሳትለው?» ይሉኝ ነበር። ችግሩ ጌም መሆኑ ነው። የመርከቡ ሰዎች የተጻፈላቸው ንግግር ሲያልቅ የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ይደጋግማሉ። ቀድሞ ቃል ያለቀባት ተኳሿ ነበረች። ከዚያ ወዲህ በሄድን ቁጥር የምትለው፣ «አሁን ሥራ ላይ ነኝ፣ ካፒቴን፤ ሌላ ጊዜ እናወራለን» ነው።

መጀመሪያ እንዳለ ተረጎምኩልዎ። ቅር አለዎት። በሚቀጥለውም እሁድ ያንኑ ስልዎ፣ «ምን በድያት ነው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አላስቻለኝም። «እናቷ ጉልበታቸውን ታመው ነበር፣ አሁን ተሽሏቸዋል፤ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ ትላለች» አልኩ።

«ተመስገን» አሉ። «እኔስ ብዬ ነበር። ቤቷ በሽተኛ ያለባት ልጅ በምን አንጀቷ ትሳቅ።» ደስ ብሎዎት ወደ ጋሽ ብረቱ አለፍን።

በሳምንቱ ጫማዎን ሳያወልቁ፣ «የልጅቷ እናት እንዴት ሆኑ?» ብለው ገቡ። ልጅዎ ከጓዳ ሰምታ ማን ናት የታመመችው ብትለን ሁለታችንም ወደ ስክሪኑ ዞርን። እኔም በየሳምንቱ ወሬ ማሰናዳት ጀመርኩ። እናቷ መራመድ ቻሉ። ታናሽ ወንድሟ ሥራ ያዘ። ይህ ሁሉ ፈጠራ ነበር። ቆይቶ ግን፣ እንዴት እንደመጣብኝ እንጃ፣ ተኳሿ ከባሏ ጋር ሆድና ጀርባ መሆኗን ነገርኩዎ።

«ምን ሆነው?»

«ምንም አልሆኑም ትላለች። አይጣሉም። አንድ ቤት ይገባሉ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይበላሉ፤ ግን እንደ ተከራይ ናቸው።»

ወንበርዎን ወደ ስክሪኑ ሳብ አደረጉ። መነጽርዎን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉት። «እንግዲያው ንገራት» አሉኝ። «ሊፍት በድንገት አይበላሽም። ከመቆሙ ብዙ ቀደም ብሎ ድምፅ ያሰማል፤ ሰው ነው ድምፁን የሚለምደው። አንዳቸው ቀድመው ያውሩ በላት።»

እኔ ማውዙን ተጫንኩ፣ ተኳሿ ያችኑ መስመሯን አለች፣ «እሺ ትላለች» አልኩዎ። አደራውን ለሌላ ሰው እንዳደረሰ መልእክተኛ ቀለል ብሎኝ ተነሳሁ። በሳምንቱ «አወሩ?» ብለው ጠየቁኝ። ገና ነው ትላለች አልኩ። በሌላውም ሳምንት ገና ነው። ያን ሰሞን ልጅዎ ከተረኝነት ስትገባ እኔ ወደ ሥራ ልወጣ ነኝ። «ደክሞኛል፣ ሌላ ጊዜ እናወራለን» ትለኛለች፤ እኔም እሺ ብዬ በሩን ቀስ ብዬ እዘጋለሁ። ያቺን መስመር ከየት እንደማውቃት እንኳ ትዝ አላለኝም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

የመጨረሻው በር ላይ የደረስነው ያኔ ነው። ሕዝቡ ወደ አዲሱ ምድር የሚሻገርበትን በር ከውስጥ አንድ ሰው ካልያዘው ይዘጋል፤ የያዘው ሰው ደግሞ አይሻገርም። ጌሙ ከሦስቱ ማን ይቅር ብሎ ጠየቀን። እኔ ሮቦቱ ይቅር አልኩ፤ ብረት ነው ብዬ። «ሽማግሌ ጥለህ ልትሄድ?» ብለው ተቆጡኝ። ሐኪሙ? «የታመመ ቢኖር ማን ሊደርስለት?» ተኳሿን ገና ሳላነሳት፣ «እሷማ አትሞከርም። ቤቷ ያልጨረሰችው ነገር አላት» አሉ። ጌሙን የጻፉት ሰዎች የማያውቁት ቤት ነበር እኮ። «ለሳምንት እንወስናለን» ብለው ኮፍያዎን አነሱ።

ያ ሳምንት አልመጣም። ልጅዎና እኔ በዚያው ሰሞን ተለያየን። ሳንጯጯህ፣ አንድ ሳህን እንኳ ሳይሰበር። ማጠቢያ ማሽኑን እሷ ወሰደች፣ ኮምፒውተሩን እኔ። መጋረጃው ለቤቱ ቀረ። እርስዎን ግን ማንም አላነሳዎትም፤ እኔም በምን አፌ ላንሳ። የሚስት አባት ከሚስት ጋር ይሄዳል። ሚስቱን ላጣ ሰው ጓደኞቹ መጥተው አይዞህ ይሉታል። አማቱን ላጣ ግን የሚባል ነገር የለም። ለወገብዎ ያደረግናት ትራስ እስካሁን ወንበሩ ላይ ናት፤ ሌላ የምትቀመጥበት ቦታ የለም እያልኩ ራሴን አታልላለሁ።

ጌሙን አልተውኩትም፣ አልጨረስኩትምም። መርከቧ በሩ ፊት ቆማለች። እከፍትና ዞሬ ሰላም ብያቸው እዘጋለሁ። ጋሽ ብረቱ የአየሩ ግፊት ደህና ነው ይለኛል። ቆፍጣናው እጄን እንድታጠብ ያዝዘኛል። ተኳሿ ሥራ ላይ ናት። ሰሚ የሌለው አስተርጓሚ ምን ያደርጋል፤ ለራሴ የሚሆን ወሬ መፍጠር አልሆነልኝም። ናፍቀውኛል አባባ። ከልጅዎ በላይ ብል ነውር ነው፤ ከእሷ ያነሰ ነው ብል ደግሞ ውሸት ነው።

እንዲህ ባለሁበት ነው መልእክትዎ የመጣው። ገንዘብ ተቀባይዋ እንደነገረችኝ ቃል በቃል ላስፍረው፦

«ለዚያች ተኳሽ ልጅ ንገርልኝ በዪው። ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም፤ የእኔዋም ሌላ ጊዜ ባይ ናት፣ አሳድጌያታለሁና አውቃታለሁ። ደግሞ ጽሑፉ ሁልጊዜ ያቺው አንድ መስመር እንደነበረች አይቻለሁ በዪው። ማንበብ ባልችል ማየት አያቅተኝም። መነጽሩን የሠራልኝ እሱ አይደል?»

እውነትዎን ነው፣ እኔ ነኝ የሠራሁት። ሌንሱን በገዛ እጄ ሞርጄ፣ ከሩቅ ያለ ጽሑፍ እንዲጠራልዎ ብዬ ደጋግሜ ለክቼ። ስክሪኑ ላይ አንዲት አጭር መስመር ትወጣለች፣ እኔ ደግሞ ከጎንዎ ስለ ጉልበት፣ ስለ ወንድም፣ ስለ ባል እተረትራለሁ። ከመቼ ጀምሮ እንዳወቁ አልነገሯትም። እኔ ግን ከዚያች ከመጀመሪያዋ «ተመስገን» ጀምሮ ይመስለኛል። እያወቁ በየሳምንቱ ጠየቁ። እያወቁ ወንበር ስበው መከሩ። «አወሩ?» ሲሉ የጠየቁት እኔን ነበር፤ እኔ ደግሞ ለሌላ ሰው መለስኩልዎ።

በዚያን ቀን ማሽኑን መልሼ አላስነሳሁም። አለቃዬ ምን ሆነሃል ቢለኝ ዓይኔ ውስጥ ብናኝ ገባ አልኩት። መነጽር ቤት ለሚሠራ ሰው ጥሩ ሰበብ ነው።

ዛሬ እሁድ ነው። ከምሳ በኋላ ጌሙን ከፍቼ እንደ ደንብዎ ሁሉንም ዞርኩ። ተኳሿ ጋ መጨረሻ ሄድኩ። ፊቷ ቆሜ መልእክትዎን ጮክ ብዬ ነገርኳት፤ ባዶ ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የሚያወራው ይበሉ ጎረቤቶች። ማውዙን ተጫንኩ። ያቺው መስመር ወጣች።

ምን አለች እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ላስተርጉም፦

«ካፒቴኑ ስላሰቡኝ አመሰግናለሁ። እናቴ ደህና ናቸው፣ ወንድሜም ሥራውን አልለቀቀም። ባሌ ግን ሄዷል። ቀድሜ ማውራት ነበረብኝ፤ ምክራቸው ዘግይቶ ነው የገባኝ። ቤቱ ጭር ብሎብኛል፣ ከቀኑም ሁሉ እሁድ ይከብደኛል። በሩን ማን ይያዝ ለሚለው እሳቸው ሳይኖሩ አንወስንም፤ ሁላችንም እዚሁ ቆመናል። አንድ ነገር ጠይቅልኝ፣ እኔ ራሴ አልደፍርም። አንዳንድ እሁድ ስልክ ብደውልላቸው፣ አሁንም ልጄ ይሉኛል?»

እንዲህ ትላለች፣ አባባ። እኔ አስተርጓሚ ብቻ ነኝ፤ የሚሉኝን እነግራታለሁ።

ካፒቴኑን ከበሩ ፊት የሚጠብቀው፣
የመርከቡ አስተርጓሚ