በደጅህ የተከልኸው ሰሌዳ

ደሴ፣ ሆጤ፣ ጥቅምት ፲ ቀን ፳፻፱ ዓ.ም.

ልጄ ኪዳኑ፣ እመብርሃን በወጣህበት ሁሉ ትከተልህ። እኛ ደህና ነን፤ ብርዱ ብቻ ዘንድሮ ቶሎ ገብቷል። እህትህ እስከዳር ኮምቦልቻ ሥራ ይዛለች።

የአክስትህ ልጅ ምንይሉ ከአሜሪካ ለእረፍት መጥቶ የቤትህን ፎቶ አሳየን። ለአሜሪካ ፕሬዝዳንትነት የምትመርጠውን ሰው ስም በሰሌዳ ጽፈህ ደጅህ ላይ ተክለኸው ባይ ደነገጥሁ። በስልክ «ስለ ፅንስ ማስወረድና ስለ ትዳር የሚናገረው ልክ ነው» ያልኸኝን እኔም አልጠላሁት። ግን ጎረቤትህ በዚሁ ሰበብ ሰላምታ ነሥቶሃል አሉ። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ አባትህ ሱቁ በር ላይ አንዲት ወረቀት ለጥፎ ሦስት ወር መታሰሩን አትርሳ። ከዚያ ወዲህ ምርጫ ሲነሳ ጥሎ ይወጣል።

ፎቶውን ሲያይ ግን አልወጣም። ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየና፣ «አልነቀሉበትም?» አለ።

«ማንም አልነካውም ጋሼ» አለው ምንይሉ።

አባትህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ።

ንቀለው ልልህ ነበር ደብዳቤ የጀመርሁት፤ አሁን አቃተኝ። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም። እባክህ ጎረቤትህን አንተው ቀድመህ ሰላም በለው፤ ምርጫው እስኪያልፍም በየቀኑ ድምፅህን አሰማኝ። አምላክ በሰው አገር ሰው አያሳጣህ።

እናትህ አትጠገብ