ድናለች የተባልኩት እኔ

ጥር 21፣ ከሰዓት

ክኒኔን ብርድ ልብስ ተከናንቤ ዋጥኩ። ያለ ውሃ። ጉሮሮዬ ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ ምሬቱ! ስማ ደብተር፣ ካንተ ሌላ ለማን ልናገር? አክስቴ እትዬ ስመኝ ዛሬ ለማርያም ጃንጥላ አስገቡ። በኔ ስም! ስለት የሚቀበለው ሰውዬ ማይኩን አነሳና፣ ይቺ ልጅ የሚጥል በሽታ ነበረባት፣ በጠበል ድና መድኃኒቷን ጣለች፣ እልል በሉ አለ። ቤ/ክ ግቢው ሙሉ እልል አለ። ማነው የጣለው? እኔ? እትዬ ስመኝ በክርናቸው ጎሸም አድርገው አንገትሽን ደፋ አድርጊ አሉኝ። ደፋሁ። ኤጭ! ራሴን ጠላሁት።

ጥር 22፣ ጧት

እትዬ ስመኝን ለምን ዋሹ ብዬ ጠየቅኳቸው። ክኒኑን ከፋርማሲ የሚያመጡልኝ ራሳቸው ናቸው እኮ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! በሽተኛ ተብለሽ ባል እንዳታጪ ብዬ ነው አሉ። ደግሞስ ያቆመችሽ ማርያም ናት፣ ምኑ ነው ውሸቱ?

ጠበሉን እወዳለሁ። ስጠመቅ ሰላም አገኛለሁ፣ ይሄ እውነት ነው። ወተት ላይ ውሃ የጨመርነው እኛ ነን።

ጥር 24፣ ከሰዓት

ሰው ይጎርፋል። አንዷ ጎንበስ ብላ ቀሚሴን ተሳለመች። ቀሚሴን! ትፍ! ታጥቤም አልለቅ አለኝ። እትዬ ስመኝ በየእንግዳው ወሬውን ያሳምሩታል፤ ዛሬ ጋኔኑ ሲጮህ ሰምተናል ላይ ደርሰዋል። እኔ ቡና እቀዳለሁ። መንገድ ላይ ብወድቅስ? ያኔ ምን ሊሉ ነው?

ጥር 26፣ ረፋድ

የጎረቤታችን የአለምነሽ ልጅ ትርንጎ፣ የኔው በሽታ ያለባት፣ ትናንት ት/ቤት ውስጥ ወደቀች። ምላሷን ነክሳለች። ግማሽ ፊቷ ተልጧል። ልጠይቃት ሄድኩ። አለምነሽ እያለቀሰች፣ ያንቺን ስለት በሰማሁ ዕለት ክኒኗን ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት አለች። የኔ እምነት ቢጎድል ነው ያልዳነችው፣ ጸልዪልኝ አለችኝ። እኔን!

እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ! ፈሪ። ወራዳ።

በዚያው ቀን፣ ከሰዓት

ንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። ስለ ክኒኑ የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ማን ከለከለሽ፣ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዜር ነው አሉ። የተቆጡት በእልልታው ነው። «እግዜር ምስክር አጥቶ ነው በሐሰት የምታመሰግኑት?» አሉ። ስግደት ይስጡኝ አልኳቸው። እምቢ። መጀመሪያ ለልጅቱ እናት ንገሪ፣ ስግደቱ ይደርሳል። ስግደቱ በተሻለኝ! እሱ የሚያመው ጉልበት ብቻ ነው።

ጥር 27፣ ጧት

ለአለምነሽ ልነግራት ነው ስላቸው እትዬ ስመኝ በሩን ይዘው አለቀሱ። ከተናገርሽ ከዚህ ቤት ውጪ፣ እኔ ማርቆስ ከተማ ላይ በየትኛው ዓይኔ ሰው አያለሁ አሉ። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፣ እወዳቸዋለሁ። ላቅፋቸው ስል እጄን ገፉት። ግን ትርንጎ ዛሬም ወድቃለች፣ ጩኸቱን ሁላችንም ሰምተናል።

ጉድ እኮ ነው፤ እያለቀስኩ ቀለለኝ። ከተናገርኩ በኋላ በምን ያስፈራሩኛል? ባሉም ቢቀር ይቅር። አለምነሽ ብትሰድበኝም ልሰደብ፣ ይገባኛል። ብቻ ትርንጎን ይዘን ሆስፒታል እንሂድ።

አለምነሽ ስትጸልይ በአጥሩ በኩል ይሰማኛል። ለዚያች ልጅ የሰጠሻትን ለኔዋም ስጪያት እያለች ነው። በቃ፣ አሁን፣ ጸሎቷን ሳትጨርስ ልነግራት ሄድኩ።